7ኛ ክፍል የማን ነው?

ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ምዝገባ በሚካሄድበት ሰሞን፣ አንዲት እናት በአንድ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ተደግፈው የጠየቁት ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። "ልጄ 7ኛ ገባ አይደል? እንግዲህ አንደኛ ደረጃ ነው ወይስ ሁለተኛ ደረጃ?" አሉ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከምትጽፈው ቀና ሳትል "መካከለኛ ነው እናቴ" አለቻቸው። "እሱ ደግሞ የት ነው?" አሉና ዞረው ግቢውን አዩት። ልጁ እዚያው ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት ተምሯል። የሚገባበት በር ያው፣ የሚለብሰው ዩኒፎርም ያው።

የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ የትምህርት ባለሙያዎች ራሳቸው 60 ዓመት ሙሉ ሲመልሱትና ሲያፈርሱት የኖሩት ጥያቄ ነው። በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ እንደሚባለው፣ 7ኛና 8ኛ ክፍልም አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ዘመድ ሲፈለግላቸው ኖረዋል። እኔን የሚያብሰለስለኝ ዝምድናው አይደለም። ስሙ በተቀያየረ ቁጥር ሳይነካ የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ልጆቹ የሚሰናከሉትም በእሱ ላይ ነው።

ሰሌዳው ሦስት ጊዜ ሲቀባ

በ1950ዎቹ አጋማሽ የአገሪቱ ትምህርት 6-2-4 ሆኖ ተደራጀ፦ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ። "መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ" ለአፍ ስለሚረዝም ሰዉ "ጁኒየር" ብሎ አሳጠረው። ልጅ 6ኛ ላይ ሚኒስትሪ ይፈተናል፤ ካለፈ ጁኒየር ይገባል፤ 8ኛ ላይ ሌላ ሚኒስትሪ ይጠብቀዋል። በዚያው ዘመን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ማስተማሪያው አማርኛ ሲሆን፣ ከ7ኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል ተባለ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

በ1966 ዓ.ም "ሴክተር ሪቪው" በሚል ስም የሚታወቀው ጥናት ለብዙኃኑ የሚሰጠውን መነሻ ትምህርት ወደ አራት ዓመት ሊያወርደው ነው ሲባል መምህራኑ በየካቲት ሥራ አቆሙ። ጥናቱ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ዙፋኑም ከጥናቱ በኋላ ብዙ አልሰነበተም። ደርግ የትልልቆቹን ትምህርት ቤቶች ስም ቀየረ፤ እቴጌ መነን የካቲት 12፣ ተፈሪ መኮንን እንጦጦ፣ ልዑል መኮንን አዲስ ከተማ ሆኑ። የግል የነበሩትን ወርሶም "የሕዝብ ትምህርት ቤት" አላቸው። 6-2-4ን ግን በጅምላ አልነካውም። እሱ ያመጣው ትልቁ ለውጥ የተማሪ ብዛት ነው፤ ከብዛቱ ጋር ፈረቃ ተስፋፋ። አንድ ወንበር ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው ሆነ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጁኒየርን ከሰሌዳ ፋቀው። አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ሆነ፤ ከ1-4 አንድ እርከን፣ ከ5-8 ሌላ እርከን። የ6ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ቀረ፤ የ8ኛው ወደ ክልሎች ወረደ። 7ኛና 8ኛ ከሁለተኛ ደረጃ ቤተሰብ ወጥተው የአንደኛ ደረጃ ታላላቅ ወንድሞች ሆኑ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሥራ ላይ ሲውል 6-2-4 ተመለሰ። የ6ኛ ክፍል ፈተናም አብሮ ተመለሰ። ሁለቱ ክፍሎች አሁን የአንደኛም የሁለተኛም ያልሆነ የራሳቸው ስም አላቸው፤ መካከለኛ ደረጃ። አያት ጁኒየር፣ እናት "ከ1-8"፣ ልጅ መካከለኛ የተማሩበት አንድ ግቢ ማግኘት አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ አይደለም።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በግማሹ ብቻ ነው የምስማማው። የእርከን ስም ከስም በላይ የሚወስነው ነገር አለው፤ መምህሩ በምን ደረጃ ይሠልጥን፣ ስንት ክፍለ ጊዜ ያስተምር፣ መጽሐፉ በምን ቋንቋ ይታተም የሚለው ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው። 7ኛን "አንደኛ ደረጃ" ብለህ ስትመድበው የአንደኛ ደረጃ በጀት ይደርሰዋል። የተረቱን ሌላውን ግማሽ ግን አልክድም፤ ሦስቱም ቀለም ሲቀባ አዲስ አበባ ውስጥ ከሥር ያልተነካው ያ የ1950ዎቹ መስመር ነው። ልጁ ስድስት ዓመት ሒሳብና ሳይንስ በአማርኛ ይማራል፤ 7ኛ ሲገባ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል። ኦሮሚያ ላይ ልጁ በቋንቋው እስከ 8ኛ ይቀጥል ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ግን አያትም፣ እናትም፣ ልጅም የዞሩት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ጥቅምት፣ ሒሳብ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ

መስከረም ለ7ኛ ክፍል ፈተና አይደለም። ምዝገባ፣ ሴክሽን ድልድል፣ መስቀል፣ ደብተር መሸፈን እያለ ያልቃል። ትምህርቱ እውነተኛ መልኩን የሚያሳየው ጥቅምት ላይ ነው። እስቲ አንዲት ጥያቄ ይዘን እንቀመጥ።

መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ የሆነ፣ ዙሪያው 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሬክታንግል አለ፤ ወርዱ ስንት ነው? ይህን ልጅ አምና በአማርኛ ብትጠይቀው ጣቱን ቆጥሮም ቢሆን ይደርስበታል። ወርዱ አንድ እጅ ከሆነ ርዝመቱ ሁለት እጅ ነው፤ ሁለት ወርድና ሁለት ርዝመት ሲደመር ስድስት እጅ፤ 36 ለ6 ሲካፈል 6። አለቀ። ዘንድሮ ግን ዓረፍተ ነገሩን እያየ ቁጥር ይፈልጋል። ያገኘው ቁጥር 36 ብቻ ነው። "ትዋይስ" የምትለዋን ቃል ከሆነ ቦታ ያውቃታል፤ ሁለት ጊዜ ማለት ናት። ስለዚህ 36 በ2 ያባዛና 72 ብሎ ይጽፋል።

ከአጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ 18 ጽፋለች። እርማት ላይ ሁለቱም ኤክስ ናቸው፤ ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ። ነገር ግን 18 ከ72 ጋር የሚወዳደር ስህተት አይደለም። የዙሪያው ግማሽ የአንድ ርዝመትና የአንድ ወርድ ድምር እንደሆነ ገብቷታል፤ 18ን ለ3 ማካፈል ብቻ ነው የቀራት። ሒሳቡን ይዛዋለች፤ የጥያቄው መጨረሻ የጠየቀው ወርዱን ብቻ መሆኑን ግን አላነበበችም። 72 የጻፈው ጥያቄውን ጭራሽ አላነበበውም። የክፍሉ የማርክ መዝገብ በሆነው ሮስተር ላይ ሁለቱም "በሒሳብ ደካማ" ሆነው ይመዘገባሉ፤ ታኅሣሥ ላይ ወላጅ ሲጠራም የሚነገረው ይኸው ነው።

የ7ኛ ክፍል ዕጣ የሚወሰነው እዚች ላይ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ልጁ ራሱ "ሒሳብ አይገባኝም" ብሎ ካመነ በኋላ ሌላው ሁሉ ተከታይ ነው፤ ደብተር መገልበጥ ይመጣል፣ አጤሬራ ይመጣል፣ መፎረፍ ይመጣል።

ብዙ ሰው "መምህራኑ በአማርኛ እያስረዱ እንዴት እንግሊዝኛ ይልመዱ" ብሎ ይወቅሳል። እኔ ወቀሳው ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። በአማርኛ ማስረዳቱ ልጁን አይጎዳውም። የሚጎዳው በአፍ የተነገረው አማርኛና በሰሌዳ የተጻፈው እንግሊዝኛ ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው። መምህሩ በአማርኛ ይናገራል፤ ልጁ እንግሊዝኛውን እንደ ሥዕል ይገለብጣል፤ ፈተናው የሚመጣው በሥዕሉ ነው። የሚያገናኘው ሥራ ደግሞ ያን ያህል የሚከብድ አይደለም። ጥያቄው ሲጻፍ ስሌቱን የሚወስኑትን ሁለት ሦስት ቃላት ማስመር፣ ከላያቸው በእርሳስ አማርኛውን መጻፍ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እርሳሱን በላጲስ ማጥፋት። መታወቅ ያለባቸው ቃላት ትልልቆቹ አይደሉም። ትሪያንግልን ሁሉም ያውቀዋል። ልጁን የሚጥሉት ትንንሾቹ ናቸው፦ ትዋይስ፣ አት ሊስት፣ ፐር፣ ዲፈረንስ። "ሌስ ዛን" በተለይ ወጥመድ ናት፤ ከአንድ ቁጥር በ5 የሚያንስ ሲባል ከቁጥሩ ላይ 5 ይቀነሳል፤ እንግሊዝኛው ግን 5ን ስለሚያስቀድም ልጁ ከ5 ላይ ቁጥሩን ይቀንሳል። ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ያሉ 15 ቃላት በካርቶን ተጽፈው ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ 10 ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ቋንቋው ነው ወይስ ሒሳቡ የሚለውን ለመለየትም መንገድ አለ። ጥቅምት ውስጥ ሰኞ 5 ጥያቄ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ረቡዕ እነዚያው ጥያቄዎች ቁጥራቸው ተቀይሮ በአማርኛ። ከዚያ ወረቀቱ በሦስት ይከመራል። በሁለቱም ያለፈውን ተወው። በአማርኛ አልፎ በእንግሊዝኛ የወደቀው የሚያስፈልገው ቃል ነው፤ ማጠናከሪያ ብለህ ቅዳሜ ጠርተህ ሒሳብ ብትደግምለት ይሰለቻል እንጂ አይሻሻልም። በሁለቱም የወደቀው ግን ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የ5ኛ ክፍል ክፍልፋይ ላይ ነው የሚገኘው። በእንግሊዝኛ አልፎ በአማርኛ የወደቀ ካለ ከግል ትምህርት ቤት የመጣ ነው፤ ወይ ሰኞ ኮርጇል።

ታዲያ ለምን አይደረግም? ስንፍና ነው ብሎ መዝጋት ይቀላል። እስቲ እንቁጠረው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ ካለ፣ የእያንዳንዱን የቤት ሥራ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ማየት 60 ደቂቃ ይጠይቃል። ስለዚህ መምህሩ ደብተር አያነብም፤ በየረድፉ እያለፈ ራይትና ፊርማ ያሳርፋል። ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ገጹ መሙላቱ ብቻ በቂያቸው ነው። ከፍ ብዬ ያልኩት የሦስት ክምር ሥራ ለአንድ መምህር በአራት ሴክሽን 480 ወረቀት ማለት ነው። ከ60 ልጅ 20ውን በዕጣ ለይቶ ማየት ግን ይቻላል፤ የክፍሉን ሁኔታ ለማወቅ ይበቃል።

አንድ መምህር፣ ሦስት ሳይንስ

በ1986ቱ ሥርዓት 7ኛ ክፍል ሲገቡ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተነጥለው ይመጡ ነበር። ሦስት መምህር፣ ሦስት ደብተር። አሁን ሦስቱም አጠቃላይ ሳይንስ በሚል አንድ መጽሐፍ ተጠቅልለዋል። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ የ13 ዓመት ልጅ ዓለምን በሦስት ዲፓርትመንት ከፋፍሎ አያያትም። ችግሩ መምህሩ በአንዱ ዲፓርትመንት የሠለጠነ መሆኑ ነው። ከ5-8 የሚያስተምሩ መምህራን በኮሌጅ "ሊኒየር" በሚባለው መንገድ በአንድ ትምህርት ነው የተመረቁት። ባዮሎጂ የተመረቀ መምህር ስለ ሴል ሲያስተምር ያምርበታል፤ የፊዚክሱ ምዕራፍ ሲደርስ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ወይም ምዕራፉ ወደ ግንቦት ይገፋል። ሰውን መውቀስ አይሆንም፤ ያልተማረውን በሰው ፊት ማስተማር ማን ይወዳል? በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የፊዚክስና የባዮሎጂ ምሩቃን ካሉ ግን ሴክሽን ተከፋፍለው ዓመቱን ከመጨረስ፣ ምዕራፍ ተከፋፍለው ክፍል ቢቀያየሩ ይሻላል። መርሐ ግብር አውጪው ይህን አይወድም፤ በሴሚስተሩ መሀል ሠንጠረዡን መንካት ሊኖርበት ነውና።

መርሐ ግብር ላይ ከደረስን አይቀር፣ ከውጭ የማይታይ አንድ ሒሳብ ልጨምር። 7ኛ አራት ሴክሽን፣ 8ኛ አራት ሴክሽን ያለው ትምህርት ቤት እናስብ። ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ቢኖረው 8 በ5 ሲባዛ 40 ነው፤ ሁለት መምህር ለሃያ ሃያ ይካፈሉታል፤ ችግር የለም። በሳምንት 2 ክፍለ ጊዜ ያለው እንደ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ያለ ትምህርት ግን 16 ብቻ ነው የሚሆነው። መምህሩ "ጭነቱ አልሞላም" ይባልና ማሟያ ይሰጠዋል፤ አንድ ሁለት ሴክሽን ሥነ ጥበብ ወይም ሲቲኢ የሚሉትን የሙያ ትምህርት። ልጆች "የሥዕል መምህራችን ሥዕል አይስልም" ሲሉ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። እነዚህ ማሟያ የሆኑ ትምህርቶች ደግሞ ልክ በዚህ ዕድሜ ልጁን ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስቀሩት ናቸው። ሒሳብ ላይ የተሸነፈ ልጅ የሆነ ቦታ ማሸነፍ አለበት። ሚኒ ሚዲያው ላይ ድምፁ የሚያምር፣ እግር ኳስ የሚችል፣ ሽቦ ጠምዝዞ መኪና የሚሠራ ልጅ ያን ክፍለ ጊዜ እየጠበቀ ነው የሚመጣው።

አዲሱ ሥርዓት ሲጀመር መጽሐፉ ታትሞ እስኪዳረስ በቴሌግራም በሚዞር ፒዲኤፍ መሠራቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስልክ ያለው ወላጅ አወረደ፤ የሌለው ልጅ ከጓደኛው ገለበጠ።

ግቢው

7ኛ ክፍል የገባች ልጅ ሱዚ ትተዋለች። ማንም አትዝለይ አይላትም፤ አንድ ቀን ብቻ ላስቲኩን ለታናሾቿ ትሰጥና ከጓደኞቿ ጋር ግድግዳ ተደግፋ መቆም ትጀምራለች። ወንዶቹ የካልሲ ኳሳቸውን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ግን እነሱም ከበር ውጭ ያለው ጆተኒ ቤት ይጠራቸዋል። እረፍት ላይ ግቢውን ከበረንዳ ሆኖ ለሚያይ ተረኛ መምህር 7ኛ ክፍልን ከ6ኛ ለመለየት የዩኒፎርም ቀለም አያስፈልገውም። ሰልፍ ላይ ከኋላ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። አርፋጅ ተብለው በር ላይ ከሚደረደሩት ውስጥም ይበዛሉ፤ ታናሽ ወንድማቸውን ሌላ ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመጡ ስላሉባቸው። ግቢ ከማስጠረግ በፊት ለምን እንዳረፈዱ መጠየቅ ምን ይጎዳል?

የልጆቹ ዕድሜ 13 እና 14 ነው። ሴቶቹ የወር አበባ የሚጀምሩበት ጊዜ ነው፤ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ ባለፉት 10 ወራት ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳመለጣት ስም ጠሪ መምህሯ አቴንዳንስ ላይ ሊያየው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ "አሞኝ ነበር" ተብሎ ያልፋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለዚህ የሚሆን ክፍል አዘጋጅተዋል። የሚያስፈልገው የታወቀ ነው፦ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ውሃ፣ ሳሙና፣ ፓድ፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ፣ ዩኒፎርሟ ለተበላሸባት የሚቀየር ሁለት ሦስት ጉርድ። የሚበላሸው ግን በአንድ ነገር ነው፤ በቁልፉ። ቁልፉ የሥርዓተ ፆታ ክበብ ተጠሪ የሆነችው መምህርት ቦርሳ ውስጥ ነው፤ መምህርቷ ደግሞ ክፍል ውስጥ እያስተማረች ነው። ልጅቷ በር አንኳኩታ በ60 ልጅ ፊት ቁልፍ አትጠይቅም፤ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሁለተኛ ቁልፍ ለግቢ ጽዳት ሠራተኛዋ መስጠት ይህን ይፈታዋል። ብር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው "ፓዱ ይጠፋል" የሚለውን ሥጋት መዋጥ ነው።

በ2012 ዓ.ም በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ የእነዚህን ልጆች ጠዋት ቀይሮታል። በባዶ ሆድ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚመስል ያስተማረ ሁሉ ያውቃል። ምሳ ላይ ግን ወረፋው ከትንንሾቹ ይጀምርና 7ኛና 8ኛ መጨረሻ ይሆናሉ። ከሰዓት ያለው የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ከተደወለም በኋላ በልተው ያልጨረሱ አሉ። መርሐ ግብር አውጪው ያን ሰዓት ለ7ኛና 8ኛ ስፖርት ወይም ላይብረሪ ቢያደርገው የሚባክነው ሒሳብ አይሆንም ነበር። ስፖርት በልቶ ወዲያው ያስቸግራል የሚል ካለ፣ ላይብረሪ ይሁን።

ሮስተር እና ሚኒስትሪ

የሴሚስተር መጨረሻ ላይ ስም ጠሪ መምህር ምን እንደሚያደርግ ወላጅ ቢያውቅ ካርድ ሲቀበል ዓይኑ ሌላ ቦታ ላይ ያርፍ ነበር። እያንዳንዱ መምህር የትምህርቱን ማርክ ሊስት ያስረክባል፤ ስም ጠሪው ወደ ሮስተር ይገለብጠዋል። አሥር ትምህርት በ60 ልጅ 600 ቁጥር ነው። ከዚያ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። በኮምፒውተር በሚሠራበትም ቁጥሩን የሚያስገባው ሰው ነው። በጣም የታወቀው ስህተት እንዲህ ነው የሚመጣው። በኅዳር አንድ ልጅ መልቀቂያ ወስዶ ይሄዳል። ስም ጠሪው ስሙን ሰርዞ ተራ ቁጥሩን ያስተካክላል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ግን አሮጌውን የስም ዝርዝር እንደያዘ ነው። ሲገለበጥ ከተሰረዘው ልጅ በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ መስመር ይንሸራተታሉ፤ የአንዱ ማርክ ለሌላው ይሆናል። ካርድ ላይ በአንድ ትምህርት ብቻ ከለመደው በጣም የራቀ ማርክ ያየ ወላጅ ልጁን ከመቆጣቱ በፊት የፈተና ወረቀቱን ማየት አለበት። ወረቀቱና ካርዱ ካልተስማሙ፣ ከልጁ ስም ቀጥሎ ያሉትን የሁለት ሦስት ልጆች ማርክ ማየት በቂ ነው፤ አንዱ ከተንሸራተተ ሁሉም ተንሸራቷል። መጠየቅ ያለበትም ካርዱ በወጣ በዚያው ሳምንት ነው፤ ሮስተሩ በርዕሰ መምህሩ ተፈርሞ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ማስቀየር ደብዳቤ ይጠይቃል።

8ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ሚኒስትሪው አለ። ስሙ ከዘመነ ጁኒየር የቀረ ነው፤ ፈተናውን አሁን የሚያዘጋጀው ከተማው ቢሆንም ልጆቹ ያው "ሚኒስትሪ" ነው የሚሉት። ጣጣው የሚጀምረው ፎርም ሲሞላ ነው። የልጁ ስም በልደት ካርዱ፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብና በፎርሙ ላይ በፊደል ጭምር አንድ መሆን አለበት። መዝገቡ ላይ "ሃይሉ"፣ ልደት ካርዱ ላይ "ኃይሉ" ሆኖ አማርኛው ቢያልፍ፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል የተለያየ እንደሆነ ግን ከዓመታት በኋላ ሰነድ ሲመሳከር ችግር ያመጣል። የተፈታኞች ጊዜያዊ የስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ወላጅ ራሱ ሄዶ ፊደል በፊደል ማየት አለበት፤ ልጁን ብቻ ብትልኩት ስሙ መኖሩን አይቶ ይመለሳል።

ፈተናው ምርጫ ነው፤ መልሱ በእርሳስ ይጠቆራል። እዚህም መንሸራተት አለ። 17ኛውን ጥያቄ ከብዶት የዘለለ ልጅ የ18ን መልስ 17 ላይ ካጠቆረ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። በየአሥር ጥያቄው ቆም ብሎ የጥያቄውንና የመልሱን ቁጥር ማመሳከርን ከሞዴል ፈተና ጀምሮ ያልለመደ ልጅ፣ በዋናው ፈተና ቀን ትዝ አይለውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጁ 9ኛ ወዳለበት ትምህርት ቤት የሚሄደው የፈተና ውጤቱንና የሁለት ዓመት አማካዩን ይዞ ነው። ተቀባዩ ትምህርት ቤት 58 የሚል ቁጥር ያያል። ከ72 ጻፊዎቹ ይሁን ከ18 ጻፊዎቹ አያውቅም። ከሚኒስትሪ በኋላ ባሉት የሰኔ ቀናት ስም ጠሪው ከእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ ሦስት መስመር ቢጽፍ፦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ ብቻውን አንብቦ ይሠራል ወይስ አይሠራም፤ ከሳይንሱ የትኛው ምዕራፍ ሳይሸፈን ቀረ፤ ከቀረ በምን ምክንያት ይቀር ነበር። ለ60 ልጅ፣ በልጅ ሦስት ደቂቃ ቢወስድ፣ ሦስት ሰዓት ነው።